ሜዳ ላይ በድንገት ለወደቀ ስፖርተኛ፦ መኪና ከመፈለግ በፊት የሚሠራው ሥራ

እሑድ ማለዳ በየሰፈሩ ሜዳ የሚሰባሰቡ የጤና ቡድኖችን የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳለማምድ ሁልጊዜ በአንድ ጥያቄ እጀምራለሁ፦ «ጓደኛችሁ ማንም ሳይነካው እየሮጠ ድንገት ቢወድቅ ምን ታደርጋላችሁ?» መልሱ ከቡድን ቡድን ብዙም አይለያይም። ውሃ እናፈስበታለን። ክብሪት ጭረን እናሸተዋለን። ምላሱን እንዳይውጥ አፉን እንከፍታለን። ከዚያ አራት ሆነን አንሥተን ያገኘነው መኪና ውስጥ እናስገባዋለን። ደረቱን እንጫናለን የሚል ሰው አልፎ አልፎ ቢገኝ ነው።

የተዘረዘረው ሁሉ በቅን ልብ የሚደረግ ነው፤ ግን ጊዜ ይበላል። እየሮጠ በድንገት የሚወድቅ ሰው ብዙ ጊዜ የልቡ ኤሌክትሪክ ተዛብቶበታል። የልቡ ጡንቻ ደም መግፋቱን ትቶ እንደ ተያዘ ወፍ ይርገበገባል። ደረቱ ካልተጫነና በኤሌክትሪክ ካልታከመ በሚያልፈው እያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድሉ ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። አሥር ደቂቃ ደግሞ ሰውየውን እስከ አስፋልቱ ተሸክሞ፣ መኪና ለምኖ፣ አንድ መስቀለኛ መንገድ ለማለፍ እንኳ አይበቃም።

ስለዚህ ይህ መመሪያ ስለ ሆስፒታሉ ሳይሆን ከዚያ በፊት ስላሉት ደቂቃዎች ነው። ከቡድናችሁ ጋር ሆናችሁ አንብቡት።

ደረጃ 1፦ ኳሱ ሳይንከባለል የሚያልቅ ዝግጅት

1. አራት ሰው በስም መድቡ። አንዱ ደረት የሚጫን፣ አንዱ የሚተካው፣ አንዱ ስልክ የሚደውል፣ አንዱ አስፋልት ድረስ ሮጦ አምቡላንሱን የሚመራ። የሚወድቀው ራሱ ከአራቱ አንዱ ሊሆን ስለሚችል ለእያንዳንዱ ምትክ ያዙ። «ሁላችንም እንረዳለን» ያለ ቡድን ውስጥ ማንም ሲደውል አላየሁም፤ ሁሉም ሌላው የደወለ ይመስለዋል።

2. የበሩን ቁልፍ ፈልጉ። ቀልድ አይደለም። አንድ ሜዳ ላይ ስናለማምድ ለሙከራ መኪና እንዲገባ ጠየቅን። ትልቁ የብረት በር በሰንሰለት ተቆልፎ ነበር፤ ቁልፉ ጥበቃው ጋር፣ ጥበቃው ደግሞ ቁርስ ላይ። አሥራ አንድ ደቂቃ ጠበቅን። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ቡድን ቁልፉን በዓይኑ ሳያይ ልምምድ አላስጀምርም።

3. ቁጥሮችን መዝግቡ። በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ 939 ነው። በአሜሪካ 911፣ በአውሮፓ 112፣ በእስራኤል 101፣ በሳውዲ አረቢያ 997፣ በተባበሩት አረብ ኤምሬትስ 998። ቁጥሩን ማወቅ ብቻ ግን አይበቃም። በአካባቢያችሁ የሚገኘውን ጣቢያ በአዘቦት ቀን ሄዳችሁ አነጋግሩ፤ ቀጥታ ስልክ ካላቸው ተቀበሉ።

4. የቦታችሁን አድራሻ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ በወፍጮ ቤቱ በኩል ገብቶ በስተግራ ሁለተኛው በር» የሚል ዓይነት። በድንጋጤ ውስጥ የገዛ ሰፈሩን ማስረዳት የሚያቅተው ሰው ብዙ ነው። ወረቀቱን በቦርሳው ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጥፉት።

5. ቦርሳ አዘጋጁ፦ ልብስ የሚቆርጥ መቀስ፣ ደረቅ ፎጣ፣ የሚጣል ምላጭ፣ ጓንት፣ እስክሪብቶ። ለሴት ተጫዋቾችና ሯጮች አንድ ሰፊ ነጠላ ጨምሩ። ለምን እንደሆነ ደረጃ 4 ላይ ታገኙታላችሁ።

6. የልብ ማስነሻ መሣሪያ (ኤኢዲ) የት እንዳለ አረጋግጡ። በአብዛኞቹ የሰፈር ሜዳዎቻችን የለም። በውጭ የምትጫወቱ ግን ብዙ ጊዜ በጂምናዚየሙ፣ በትምህርት ቤቱ ወይም በገበያ ማዕከሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ታገኙታላችሁ። በሰሜን አሜሪካ በየዓመቱ በጁላይ መጀመሪያ አካባቢ ለሚደረገው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር የምትሄዱ ቡድኖች፣ የመልበሻ ክፍላችሁን ስትጠይቁ ይህንንም ጠይቁ። ሳጥኑ ቢሮ ውስጥ ተቆልፎ ከሆነ እንደሌለ ቁጠሩት።

7. በኳስ ተለማመዱ። አየሩ ጥቂት የቀነሰ ኳስ መሬት ላይ አድርጉና ከጎኑ ተንበርክካችሁ በሁለት እጅ እየተጫናችሁ ልቀቁ። 5 ሴንቲ ሜትር ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ የሚገባችሁ ያኔ ነው። ሁለት ደቂቃ ሳታቋርጡ ጫኑ፤ ለምን ተተኪ እንዳስፈለገም ክንዳችሁ ይነግራችኋል።

ደረጃ 2፦ ሜዳ መግባት የሌለበትን ሰው አስቀድሞ መለየት

ከ35 ዓመት በታች ያሉ ስፖርተኞችን የሚጥለው ብዙ ጊዜ አብሯቸው የተወለደ ወይም ከቤተሰብ የወረሱት ችግር ነው፦ ያለ መጠን የወፈረ የልብ ጡንቻ፣ ያለ ቦታው የበቀለ የልብ ደም ሥር፣ የኤሌክትሪክ መስመር ጉድለት። ካሜሩናዊው እግር ኳስ ተጫዋች ማርክ ቪቪየን ፎኤ እ.ኤ.አ. ሰኔ 26 ቀን 2003 ሊዮን ውስጥ ኮሎምቢያን ሲገጥሙ በ72ኛው ደቂቃ ማንም ሳይነካው ወድቆ የሞተው ከዚህ ከጡንቻ መወፈር ጋር በተያያዘ ነው። ከ35 በላይ ሲኮን ግን ዋናው ጠላት የልብ ደም ሥር መጥበብ ይሆናል። የጤና ቡድን የሚባለው ደግሞ በአብዛኛው በዚህ ዕድሜ ክልል ያለ፣ ሳምንቱን ሙሉ ወንበር ላይ የዋለ ሰው የሚጫወትበት ነው።

ከሚከተሉት አንዱ ያለበት ሰው ሐኪም ሳያየው አይግባ፦

- እየሮጠ ራሱን ስቶ የሚያውቅ። ሩጫው ካለቀ በኋላ ቆሞ ሳለ የሚያዞር ሌላ ነው፣ ያን ያህል አያስፈራም። በሩጫው መሐል የሚጥል ግን ከሁሉ የከፋ ምልክት ነው።
- ሲሮጥ ደረቱን የሚጨንቀው፣ የሚጫነው፣ ወይም ሕመሙ ወደ መንጋጋና ወደ ግራ ክንድ የሚሄድበት።
- ልቡ ድንገት ተነሥቶ በኃይል የሚመታበትና ያኔም የሚያዞረው።
- ከቤተሰቡ ከ50 ዓመት በታች ሳለ በድንገት የሞተ ዘመድ ያለው። «ማታ ተኝቶ ጠዋት አልተነሣም»፣ «ዋና ሲዋኝ ቀረ» የሚባሉትንም ጨምሩ።
- በልጅነቱ ከጉሮሮ ሕመም ተከትሎ መገጣጠሚያው ያበጠ፣ በየወሩ መርፌ እንዲወጋ የታዘዘ፣ ወይም «ልብህ ድምፅ አለው» የተባለ። የሩማቲክ የልብ በሽታ እኛ ዘንድ ዛሬም ብዙ ነው፤ የልብ በር ያበላሻል፣ የልብ ምትንም ያዛባል።
- ትኩሳት ወይም ጉንፋን ላይ ያለ። ላቡን አውጥቶ ሊድን የሚሮጥ ሰው አስቁሙት፤ ቫይረስ የልብ ጡንቻን ሊያስቆጣ ይችላል።

ቅዳሜ ማታ አምሽቶ የጠጣ ወይም ጫት ሲቅም ያነጋ ሰው እሑድ ጠዋት ተመልካች ይሁን። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ መጠጡም በበኩሉ ምት ያዛባል። ይህን ስናገር የሚስቁ አሉ። ለታላቁ ሩጫ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ልምምድ የሚጀምረውም ከእነሱ ጋር ይስቃል።

*ምታችሁን ራሳችሁ ቁጠሩ*

ጠዋት ከአልጋ ሳትወርዱ አመልካችና መሐል ጣታችሁን በእጅ አንጓችሁ ላይ፣ ከአውራ ጣት በታች ባለው ጎድጓዳ አሳርፉ። በአውራ ጣት አትዳስሱ፤ የራሱ ምት ስላለው ያሳስታችኋል። ሙሉ 60 ሰከንድ ቁጠሩ። አሥራ አምስት ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ለተዛባ ምት አይሠራም።

በደንብ የሠለጠነ ሯጭ ዕረፍት ላይ በደቂቃ 40ዎቹ ውስጥ ቢቆጥር እንግዳ ነገር አይደለም። ትንፋሽ ሲያስገቡ ፈጠን፣ ሲያስወጡ ዘግየት ማለቱም የጤነኛ ወጣት ልብ ጠባይ ነው። የሚያሳስበው ምንም ሥርዓት የሌለው ምት ነው፤ ሁለት ፈጣን፣ አንድ ሩቅ፣ ሦስት ቅርብ፣ እንደ ጀማሪ ከበሮ መቺ። እንዲህ ካገኛችሁ ኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ በወረቀት ላይ የሚያሳይ ምርመራ) ተነሡ። ለብዙ ዓመታት ረጅም ርቀት የሮጡ ወንዶች ላይ ይህ የላይኛው የልብ ክፍል መርገብገብ ከሌላው ሰው በበለጠ ይታያል፤ «ስፖርተኛ ስለሆንኩ ልቤ ጤነኛ ነው» ማለት እዚህ ላይ አይረዳም።

*ሐኪም ቤት ሄዳችሁ «ምንም የለብህም» እየተባላችሁ ስትመለሱ*

ይህ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ቦታ ነው። ኢሲጂ የሚያሳየው በተነሣበት ሰከንድ ያለውን ምት ብቻ ነው። ልባችሁ ማክሰኞ ማታ ተዛብቶ ሐሙስ ጠዋት ብትነሡት ወረቀቱ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እነዚህን ጽፋችሁ ሂዱ፦ ቀኑና ሰዓቱ፤ ምን እያደረጋችሁ ነበር፤ ድንገት ጀምሮ ድንገት ቆመ ወይስ ቀስ በቀስ፤ ስንት ደቂቃ ቆየ፤ አዞራችሁ ወይ፤ ምን ጠጥታችሁ፣ ምን መድኃኒት ወስዳችሁ ነበር። ሲጀምራችሁ ቅርብ የሆነ ጤና ጣቢያ ሮጣችሁ ሳይሆን ተወስዳችሁ ሂዱና በዚያው ሰዓት ኢሲጂ አስነሡ። ሐኪሙን ለ24 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ከአካል ጋር ታስሮ የሚውል መመዝገቢያ፣ እየሮጡ የሚደረግ ምርመራና የልብ አልትራሳውንድ (ኢኮ) እንደሚያስፈልጋችሁ ጠይቁት። ስፖርተኛ መሆናችሁንም ተናገሩ፤ የሠለጠነ ልብ ሰፋ ብሎ ስለሚታይ ያልተነገረው ሐኪም በሽታ ሊለው፣ በተቃራኒውም እውነተኛውን በሽታ «የስፖርት ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል።

ደረጃ 3፦ የመጀመሪያዎቹ አሥር ሰከንዶች

ሰው ወደቀ። ማንም አልገፋውም፤ ወይም ኳስ ወይም ክርን ደረቱን መታውና ሁለት ሦስት እርምጃ ሄዶ ተዘረረ። የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋቹ ዳማር ሃምሊን እ.ኤ.አ. ጥር 2 ቀን 2023 ሲንሲናቲ ላይ የሆነው ይህ ነው፤ ደረቱ ተመታ፣ ተነሥቶ ቆመ፣ ወደቀ። ምክንያቱ ምንም ይሁን ሥራው አንድ ነው።

1. ጨዋታውን አስቁሙና ሮጡ። ዳኛው እስኪነፋ አትጠብቁ።
2. ትከሻውን ያዝ አድርጋችሁ በስሙ በኃይል ጥሩት። አትናጡት።
3. ካልመለሰ በጀርባው አንጋሉት፣ ደረቱን እዩ። በአሥር ሰከንድ ውስጥ እንደ ወትሮው ይተነፍሳል?

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ።

የመጀመሪያው ማጣጣር ነው። ልቡ የቆመ ሰው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አልፎ አልፎ አፉን ከፍቶ እንደ ማንኮራፋት ያለ ትንፋሽ ሊስብ ይችላል። «ይተነፍሳል፣ ተዉት፣ አየር ስጡት» የሚለው ቃል ብዙ ሰው የገደለው በዚህ ምክንያት ነው። በየአምስትና በየአሥር ሰከንዱ የሚመጣ ትንፋሽ ትንፋሽ አይደለም። ጫኑ።

ሁለተኛው መንቀጥቀጥ ነው። አንጎል ደም ሲቋረጥበት ሰውነት ለጥቂት ሰከንዶች ሊንቀጠቀጥ፣ ዓይን ሊገለበጥ ይችላል። ወዲያው «የሚጥል በሽታ ነው» ይባላል፤ ክብሪቱም የሚመጣው ያኔ ነው። በሩጫ መሐል ወድቆ የተንቀጠቀጠ ሰው ልቡ እንደቆመ ቁጠሩት፤ መንቀጥቀጡ እንዳቆመ ትንፋሹን እዩ፣ ከሌለ ጀምሩ።

የደም ሥሩን ስትፈልጉ አትቆዩ። ባለሙያ እንኳ በድንጋጤ የራሱን ጣት ምት የወደቀው ሰው ምት ይመስለዋል። አፉ ውስጥም ጣት አትክተቱ። ምላስ አይዋጥም፤ ወደ ኋላ ሊወድቅና መተንፈሻውን ሊዘጋ ይችላል፣ ያንንም አገጩን ቀና ማድረግ ይፈታዋል። ጣታችሁን ግን ይነክስላችኋል፤ ደቂቃውም ይነክሳል።

ደረጃ 4፦ ደረት መጫን

ደዋዩ እየደወለ፣ መንገድ መሪው እየሮጠ፣ እናንተ ጫኑ። ደዋዩ ስልኩን ድምፁን ከፍቶ አጠገባችሁ ያስቀምጥ።

1. ከጎኑ ተንበርከኩ። ማልያውን ግለጡ ወይም ቅደዱ።
2. የአንዱን መዳፍ ታችኛ ወፍራም ክፍል፣ ከአንጓው አጠገብ ያለውን፣ በደረቱ መሐል፣ በፍርምባው አጥንት ታችኛ አጋማሽ ላይ አድርጉ። ሆድ ላይ አይደለም፣ በግራ ጡት ላይም አይደለም። «ልብ በግራ ነው» ብለው ወደ ግራ የሚሸሹ ብዙ ናቸው።
3. ሌላውን እጅ በላዩ ደርቡ፣ ጣቶቻችሁን አቆላልፉ፣ ክርናችሁን አቅኑ። ትከሻችሁ ከእጃችሁ በላይ ይሁን። የሚጫነው የሰውነታችሁ ክብደት እንጂ የክንዳችሁ ጡንቻ አይደለም።
4. ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ጫኑ፤ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ልቀቁት። እጃችሁ ደረቱን አይለቅ፣ ክብደታችሁ ግን ይነሣ። ልቡ የሚሞላው ስትለቁ ነው።
5. ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120።

ስለ አቆጣጠር አንድ ነገር ልበል። የውጭ መጻሕፍት እስከ 30 ቁጠሩ ይላሉ። በአማርኛ ግን «አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት፣ ሃያ ሦስት» እያሉ መጫን ያዘገያል፤ ቃሉ ከእጁ ይረዝማል። በልምምድ ላይ ከአሥር ሲያልፉ ሁሉም ፍጥነት ሲቀንስ አይቻለሁ። እስከ አሥር ሦስት ጊዜ ቁጠሩ። ስልካችሁ ላይ የሙዚቃ ምት መቁጠሪያ ካለ 110 ላይ አድርጋችሁ ተለማመዱበት።

በየሁለት ደቂቃው ተቀያየሩ። ተተኪው በሌላው ጎን ተንበርክኮ ዝግጁ ይሁን፤ «ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ፣ ያዝ» ብላችሁ እጃችሁን ስታነሡ የእሱ ይውረድ። «አልደከመኝም» የሚለውን አትስሙት፤ እሱ ሳይታወቀው ጥልቀቱ ይቀንሳል።

*የወደቀችው ሴት ከሆነች*

ሰዎች እዚህ ያመነታሉ፣ ማመንታቱም ሕይወት ይወስዳል። ቦታው ያው ነው፤ በሁለቱ ጡቶች መካከል ያለው አጥንት። የስፖርት ጡት መያዣዋ ለመጫን አይከለክልም፤ መሣሪያው ሲመጣ ግን በመቀስ ይቆረጣል። ሁለት ሰው ነጠላውን እንደ መጋረጃ ይያዙ፣ የቀራችሁት ጀርባችሁን ስጡ።

*ችግር ሲገጥም*

የጎድን አጥንት «ቀጭ» ካለ፦ የእጃችሁን ቦታ አረጋግጡና ቀጥሉ። አጥንት ይጠገናል።

ካስመለሰው፦ ወደ ጎን አዙሩት፣ አፉን በጨርቅ ጥረጉ፣ መልሳችሁ አንጋሉትና ቀጥሉ።

ሰው ዙሪያውን ከከበበ፦ ሁለት ተጫዋቾች እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ውጭ ፊታቸውን አዙረው ይቁሙ። ጸበል የያዘ ዘመድ ከመጣ አትጣሉት፤ «እግሩ ላይ እርጩለት፣ እኛ ደረቱ ላይ ነን» በሉት። ጠብ ውስጥ የሚያልቀው ደቂቃ የእሱ ነው።

ከተንቀሳቀሰ፣ ዓይኑን ከገለጠ ወይም እንደ ወትሮው መተንፈስ ከጀመረ፦ አቁሙ፣ በጎኑ አስተኙት፣ ከአጠገቡ አትነሡ። እንደገና ትንፋሹ ከቆመ እንደገና ጫኑ።

ደረጃ 5፦ ትንፋሽ መስጠት፣ ከሠለጠናችሁ ብቻ

ከ30 ግፊት በኋላ ግንባሩን ወደ ኋላ፣ አገጩን ወደ ላይ አድርጉ፣ አፍንጫውን ቆንጥጡ፣ ሁለት ጊዜ እፍ በሉ፤ እያንዳንዱ አንድ ሰከንድ። ደረቱ ከፍ ካላለ አንገቱን አስተካክላችሁ አንድ ጊዜ ሞክሩና ወደ ግፊቱ ተመለሱ። ሁለቱ ትንፋሾች ከአሥር ሰከንድ በላይ አይውሰዱ። ያልሠለጠነ ወይም ያልደፈረ ሰው ያለማቋረጥ ይጫን፤ በድንገት ለወደቀ አዋቂ ይህ በቂ ሥራ ነው። ለሕፃናትና ከውሃ ለወጣ ሰው ግን ትንፋሹ ያስፈልጋል።

ደረጃ 6፦ መሣሪያው ሲደርስ

ዴንማርካዊው እግር ኳስ ተጫዋች ክርስቲያን ኤሪክሰን እ.ኤ.አ. ሰኔ 12 ቀን 2021 ኮፐንሃገን ላይ ሲወድቅ ወዲያው ደረቱ ተጫነ፣ መሣሪያው መጣ፣ አንድ ጊዜ በኤሌክትሪክ ተመታና ተመለሰ። ስምንት ወር ተኩል ያህል ቆይቶ እንደገና ተጫወተ።

1. መጀመሪያ አብሩት። ከዚያ ወዲያ ራሱ እየተናገረ ይመራችኋል። ቋንቋው ባይገባችሁ ሥዕሉን ተከተሉ።
2. አንዱ መጫኑን ሳያቆም ሌላው ደረቱን በፎጣ ያድርቅ። ላብ ላይ አይጣበቅም።
3. አንዱን ተለጣፊ በቀኝ ከአንገት አጥንቱ በታች፣ ሌላውን በግራ ጎኑ ከብብቱ በታች ለጥፉ። ጸጉሩ ከከለከለ በምላጩ ላጩ። ማዕተቡን መበጠስ አያስፈልግም፤ መስቀሉን ከተለጣፊው አርቃችሁ ወደ ትከሻው መልሱት። ከቆዳው ሥር የተቀበረ የልብ መሣሪያ እብጠት ካያችሁ ከእሱ ላይ አታድርጉ።
4. መሣሪያው ሲመረምር እጃችሁን አንሡ። «ማንም አይንካው!» ብላችሁ ጩኹ፣ ዙሪያውን እዩ፣ ከዚያ ቁልፉን ተጫኑ።
5. ከተመታ በኋላ አትመርምሩት፣ ደም ሥር አትፈልጉ። ወዲያው ሁለት ደቂቃ ጫኑ። መሣሪያው እንደገና ራሱ ይጠይቃችኋል።

«መምታት አያስፈልግም» ካለ ድኗል ማለት አይደለም፣ ሞቷል ማለትም አይደለም። ይህ ምት በኤሌክትሪክ አይስተካከልም ማለቱ ነው። ካልተነፈሰ ጫኑ። ዝናብ እየዘነበ ከሆነ ከኩሬው ጎትታችሁ አውጡት፣ ደረቱን አድርቁ፣ ተጠቀሙበት።

ደረጃ 7፦ አምቡላንስ ካልመጣ

እውነቱን እንነጋገር፤ በብዙ ቦታዎቻችን ላይመጣ ይችላል። ቢሆንም መኪና ወደ ሰውየው ይመጣል እንጂ ሰውየው ተሸክመውት ወደ መኪና አይሄድም። መንገድ መሪው መኪናውን ሜዳው ውስጥ፣ ከእግሩ አጠገብ እስኪያቆም ድረስ ግፊቱ አይቋረጥ።

ታክሲ ከሆነ ወንበር ላይ አታስቀምጡት፤ የተቀመጠ ሰው ደረት አይጫንም። ወለሉ ጠፍጣፋ የሆነ ሚኒባስ ወይም ፒክ አፕ ፈልጉ። አስተኝታችሁ፣ አንዱ እየተጫነ፣ ሌላው የሚጫነውን ወገቡን ይዞ። ሹፌሩ ሳይፈተለክ ቀስ ብሎ ይንዳ። በሚሄድ መኪና ውስጥ የሚደረግ ግፊት ደካማም አደገኛም ነው፤ ሌላ ምንም አማራጭ ሲጠፋ ብቻ የሚሠራ ነው። ወደ ቅርቡ ክሊኒክ ሳይሆን የኤሌክትሪክ መሣሪያ እንዳለው አስቀድማችሁ ወዳረጋገጣችሁት ሆስፒታል ሂዱ፤ አንድ ሰው ቀድሞ ይደውል።

መቼ ይቆማል? ሰውየው ሲመለስ፣ ባለሙያ ሲረከባችሁ፣ ወይም ክንዳችሁ ፈጽሞ እንቢ ሲል። እግር ኳስ ተጫዋቹ ፋብሪስ ሙዋምባ እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ላይ ልቡ ለ78 ደቂቃ በራሱ ሳይመታ ቆይቶ ተርፏል፤ በእነዚያ ደቂቃዎች ግን ሥራው አልተቋረጠም ነበር።

ስትረከቡ አራት ነገር ተናገሩ፦ በስንት ሰዓት እንደወደቀ፣ ግፊቱ ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደተጀመረ፣ ስንት ጊዜ በኤሌክትሪክ እንደተመታ፣ የሚወስደው መድኃኒት። ጸሐፊ የሌለው ቡድን በእስክሪብቶ ክንዱ ላይ ይጻፈው።

የልብ ያልሆነ ውድቀት

መለያው አንድ ነው፤ እንደ ወትሮው ይተነፍሳል ወይ? ከተነፈሰ በጎኑ አስተኙትና የሚከተለውን እዩ።

ገላው እንደ ምጣድ የጋለ፣ የሚዘባርቅ ወይም የሚንገዳገድ ከሆነ ሙቀት መቶታል። ውሃው ቦታውን የሚያገኘው እዚህ ነው። ጥላ ሥር አድርጋችሁ፣ ልብሱን ገፍፋችሁ፣ የተገኘውን ቀዝቃዛ ውሃ ሁሉ አፍስሱበት፣ አራግቡ። መጀመሪያ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ይሂድ። ላብ ስላለው አትዘናጉ፤ ሯጭ ሙቀት መቶትም ሊያልበው ይችላል።

የስኳር ሕመምተኛ ከሆነና ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ስኳር ስጡት። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አታስገቡ፤ የቡና ማንኪያ ስኳር እንኳ ቢሆን።

ከሩጫ በኋላ ቆሞ ሳለ አዙሮት ከወደቀና በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከነቃ እግሩን ከፍ አድርጉለት። ቢሆንም በሩጫው መሐል እንደሆነ የሚጠራጠር ሰው ካለ ለዚያ ቀን ጨዋታው አብቅቷል፤ ሐኪም ሳያየውም አይመለስ። «ደህና ነኝ፣ ተዉኝ» ይላል። አትተዉት።

ደረጃ 8፦ ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት

የተረፈው ሰው ወደ ሜዳ የሚመለሰው የልብ ሐኪም ምክንያቱን ካወቀና በጽሑፍ ከፈቀደ ብቻ ነው። አንዳንዱ በደረቱ ምት የሚቆጣጠር መሣሪያ ይገጠምለታል፤ ኤሪክሰንም የሚጫወተው ከዚሁ ጋር ነው። እንዲህ ያለ ጓደኛ ካላችሁ መሣሪያው ያለበትን ጎን ሁሉም ይወቅ።

ደረት የተጫኑትን ልጆች በዚያው ሳምንት ሰብስባችሁ አነጋግሩ፣ በተለይ ሰውየው ካልተረፈ። «አጥንቱን ስለሰበርኩት ይሆን?» የሚለውን ጥያቄ ማታ ማታ ብቻውን የሚያላምጥ አለ። ልቡ የቆመው ከመጫኑ በፊት መሆኑን በግልጽ ንገሩት።

የሞተው ወጣት ከሆነ አንድ ሥራ ይቀራል። ለቅሶው ላይ ማንም አያነሣውም፤ እናንተ ለቤተሰቡ ታላቅ ቀስ ብላችሁ አንሡት። የሟቹ ወላጆች፣ እህቶች፣ ወንድሞችና ልጆች ኢሲጂና ኢኮ ይነሡ። እስኪታዩ ድረስም ታናሽ ወንድሙ የእሱን ማልያ ለብሶ የመታሰቢያ ጨዋታ እንዲጫወት አትፍቀዱ።